ኃይሉ ከለማ ይቀድማል?

ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማሪዎች ስም ዝርዝር በፊደል ተራ እንዲደረድር ብታዙት ሳያንገራግር ይደረድራል። ችግሩ የሚታየው ዝርዝሩን ስታነቡ ነው። «ሃይሉ» ብሎ የተመዘገበው ከለማ በፊት ይቀመጣል፤ «ኃይሉ» ብሎ የተመዘገበው ግን በቀለንና ተስፋዬን አልፎ ከነጋሽ በላይ ይገኛል። ማሽኑ አልተሳሳተም። ጃቫ ጽሑፍን የሚያወዳድረው እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ በተሰጠው ቁጥር ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ተራርቀው የየራሳቸውን ቁጥር ይዘዋል፤ ስናነባቸው አንድ ድምፅ መሆናቸው በቁጥሩ ውስጥ የለም።

የሚደረድረው ክፍል ራሱ ብልህ ነው። ከጃቫ 7 ጀምሮ ዝርዝሮችን የሚደረድረው ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፓይተን የጻፈው ቲምሶርት ነው፤ ቀድሞውኑ በተራ የተቀመጡ ቁራጮችን እየፈለገ ያዋህዳል። ተማሪ ምን እንደሆነ፣ ውጤት ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእነዚህ ከሁለቱ ማን ይቅደም?

መልስ ሰጪው የሚታወቀው በኢንተርፌስ ነው። ኢንተርፌስ ስሙ ተነግሮ ሥራው ያልተጻፈ ሜተድ ይይዛል፤ «ይህን አሟላለሁ» ያለ ክላስ ሜተዱን የመጻፍ ግዴታ አለበት። ጃቫ ለመደርደር ሁለት አዘጋጅቷል። ኮምፓራብልን ያሟላ ኦብጀክት ራሱን ከሌላው ጋር ያወዳድራል፦ እኔ ልቅደም ካለ ከዜሮ በታች፣ እኩል ነን ካለ ዜሮ፣ ልከተል ካለ ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር ይመልሳል። ኮምፓሬተር ግን ከውጭ ቆሞ ሁለቱን የሚዳኝ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ክላስ የፈለጋችሁትን ያህል ዳኛ መመደብ ትችላላችሁ፦ አንዱ በስም፣ አንዱ በውጤት፣ አንዱ በዕድሜ። ቀንና ገንዘብ የራሳቸው ተራ ስላላቸው ኮምፓራብል ይስማማቸዋል። ተማሪን ግን በተፈጥሮው ከሌላው የሚያስቀድመው ነገር የለም፤ እኔ ብሆን ለኮምፓሬተር እተወዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ወዲህ «በስም፣ እኩል ከሆኑ በአባት ስም፣ ከዚያ በአያት» የሚለውን በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል። ለኃይሉም መፍትሔው ይኸው ነው፦ ኮምፓሬተሩ ከማወዳደሩ በፊት ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይመልስ፤ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ራሳቸው አንድ ድምፅ መሆናቸውንም አይርሳ። ለውጡ የሚደረገው ለማወዳደሪያ በተቀዳው ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው። የተመዘገበው ስም አይነካም፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው ይቆይለት።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ። ትሪሴት የተባለው የጃቫ ስብስብ ተራ ብቻ ሳይሆን ማንነትንም የሚወስነው በኮምፓሬተሩ ነው፤ መልሱ ዜሮ ከሆነ «ይህ ቀድሞ ገብቷል» ብሎ ሁለተኛውን አይቀበልም። ሃይሉ ለማ እና ኃይሉ ለማ ሁለት የተለያዩ ተማሪዎች ቢሆኑ፣ አንዱ ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ከመዝገብ ይቀራል። ስለዚህ የመጨረሻው መለያ ሁልጊዜ የማይደገም ነገር፣ ለምሳሌ የመታወቂያ ቁጥር፣ መሆን አለበት።

በኮምፓሬተር ውስጥ ቁጥሮችን አንዱን ከሌላው ቀንሶ ልዩነቱን መመለስም ያጓጓል። ከ2,000,000,000 ላይ −1,000,000,000 ሲቀነስ መልሱ 3,000,000,000 መሆን ነበረበት፤ የጃቫ ኢንት ግን ከ2,147,483,647 በላይ ስለማይዝ −1,294,967,296 ይሆናል፤ ትልቁ ከትንሹ ይቀድማል። እንዲህ ያለ እርስ በርሱ የሚጋጭ ዳኛ ሲገጥመው ቲምሶርት አንዳንድ ጊዜ የማወዳደሪያው ውል ፈርሷል ብሎ ሥራውን ያቋርጣል። ከ32 ያነሱ ነገሮችን ሲደረድር ግን የማዋሃዱን እርምጃ ስለማይጠቀም ይህን ተቃውሞ ፈጽሞ አያሰማም፤ በ10 ተማሪዎች ብቻ የተሞከረ ፕሮግራም ፈተናውን አልፎ ሙሉው የትምህርት ቤት መዝገብ ሲሰጠው የሚቆመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።