ዓባይ በረሃ ያገኛችሁት ድንጋይ ትሪሎባይት ነው?

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ መንገዱ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ድንጋይ የሆነ የባሕር ዛጎልና ቀንድ አውጣ ይገኛል። ታዲያ እንዲህ ያለ ድንጋይ እጃችሁ ገብቶ «ይሄ ትሪሎባይት ነው፣ ብዙ ብር ያወጣል» የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ለምን?

ትሪሎባይት ከ521 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ብቅ ብሎ፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ጨርሶ የጠፋ የባሕር እንስሳ ነው። የዓባይ በረሃ ኖራ ድንጋይ ግን የተሠራው በጁራሲክ ዘመን፣ አካባቢውን ባሕር ሸፍኖት በነበረ ጊዜ ነው። ይሄ ዘመን የጀመረው ከ201 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ያ ባሕር ሲመጣ ትሪሎባይት ካለቀ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ዓመት ሆኖት ነበር። የቡሬና የጢስ ዓባይ ጥቁር ድንጋይማ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ እዚያ ዛጎል መፈለግም ከንቱ ልፋት ነው።

ዕድሜውን ብንተወው እንኳ አካሉ ይለያል። ትሪሎባይት እንደ አንበጣና ሸረሪት እግሩ ባለ አንጓ ነው። የጀርባው ቅርፊት ራስ፣ ደረትና ጅራት አለው፤ ደረቱ በተያያዙ አንጓዎች የተሠራ ስለሆነ ብዙዎቹ መጠቅለል ይችሉ ነበር። ስሙ «ባለ ሦስት ክፍል» ማለት ቢሆንም የሚቆጠረው ግን ከራስ እስከ ጅራት አይደለም (ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል)። ከግራ ወደ ቀኝ ነው፦ መሐሉ ጎበጥ ያለ፣ ሁለቱ ጎኖች ዝቅ ያሉ። የዓይኑ ሌንስ ደግሞ ከካልሳይት ነው፤ ኖራ ድንጋይ ከሚሠራበት ከዚያው ማዕድን!

አፍሪካ ውስጥ በትሪሎባይት ስሟ የገነነው ሞሮኮ ናት። እኛን የገረመን እዚያ የሚገኘው ዋሊሰሮፕስ የተባለ ወገን ነው። ፋኮፒዳ በሚባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ይመደባል። ከራሱ ፊት እንደ አውድማ መንሽ ያለ ባለ ሦስት ጣት ሹካ ወጥቶለታል፤ ዝርያዎቹ ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱም የሹካው ርዝመት ነው። ለምን ይጠቅመው ነበር? እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ሹካው አራት ጣት ያወጣ አንድ ትሪሎባይት መረመረ። ሹካው እንዲያ ሆኖም እንስሳው ሙሉ በሙሉ አድጓል። ለመብላት ቢያስፈልገው ኖሮ እዚያ ባልደረሰ ነበር እኮ! ተመራማሪዎቹ እንደ ቀንዳም ጥንዚዛ ወንዶቹ የሚፋለሙበት ነው ብለዋል።

በነገራችን ላይ የሞሮኮ ገበያ በሙጫ የተቀረጸ የውሸት ትሪሎባይትም ሞልቶበታል።

ደጀን ላይ ዛጎል ካያችሁ ከነቦታው ፎቶ አንሱትና እዚያው ተዉት። ከየትኛው ንብብር እንደወጣ ካልታወቀ ለጂኦሎጂ ባለሙያ ብዙ አይነግረውም።