ወባን ከሰማይ የሚጠብቅ ዐይን

ለጠፈር ምርምር የተሠራ መሣሪያ ለጤናችን ምን ይፈይዳል ትሉ ይሆናል። ይፈይዳል፤ በእኛው ክልልም ታይቷል።

የወባ ትንኝ የምትራባው ያቆረ ውኃና ሙቀት ስታገኝ ነው። ዝናቡ ሲበዛና ደጋው ሲሞቅ በሽታው ከቆላ ወደ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1958 በደረሰው ወረርሽኝ በአገራችን 150,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

የአሜሪካ መንግሥት የጠፈር ድርጅት ናሳ ያመጠቃቸው ሳተላይቶች የዝናቡን መጠን፣ የምድሩን ሙቀትና ልምላሜ ይለካሉ፤ መረጃውም በነፃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ኤፒዴሚያ በተባለው ፕሮጀክት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆነው ይህን መረጃ ከየወረዳው ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ጋር አቀናጁ። በ47 ወረዳዎችም ወረርሽኙን ከሳምንታት በፊት ለመተንበይ ሠሩ። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ከደረሰ መድኃኒትና አጎበር ቀድሞ ሊላክ ይችላል።

ሳተላይት ግን የልጅዎን ትኩሳት አያይም። ከዲማ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የተመለሰ ሰው፣ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፣ ትኩሳት ከያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ያድርግ። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አይዋጥ። ኮአርተም ከታዘዘልዎ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱት፤ በባዶ ሆድ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ቢሻልዎትም የ3 ቀኑን ይጨርሱ።

የእርስዎ ምርመራም በወረዳው ሪፖርት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ትንበያ የሚቃናው ከሰማይ በሚመጣው መረጃ ብቻ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ በሚመዘገበውም ነው።