ፋየርዎል የተቆራረጠ ፓኬት ለምን ይጥላል?

ፋየርዎል በአንድ ኮምፒውተር ወይም በአንድ ድርጅት ኔትወርክና በውጪው ዓለም መካከል ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን መረጃ የሚፈትሽ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሥርዓተ ክወናዎች ከርነል ተብሎ በሚጠራው የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ የሚሠራ ኮድ ነው። ይህ ኮድ ከሚመዘግባቸው ስህተቶች መካከል የኔትወርክ ባለሙያዎችን አብዝቶ ግራ የሚያጋባው፣ ላኪውም ተቀባዩም የታወቁ፣ ግንኙነቱም በፋየርዎሉ ሕግ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ ፓኬቱ «ብልሹ ቁራጭ» ተብሎ ሲጣል ነው። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ የቁራጮችን ፍተሻ ጨርሶ ማጥፋት ነው፤ ችግሩም ለጊዜው ይጠፋል። ይሁን እንጂ ይህ ፍተሻ ወደ ፋየርዎል ኮድ የገባው ከከባድ ጥቃቶች በተወሰደ ትምህርት በመሆኑ፣ መልእክቱ ምን እያለ እንደሆነ ሳይመረመር ማጥፋቱ በሩን ለእነዚያው ጥቃቶች መልሶ መክፈት ይሆናል።

መልእክቱን ለመረዳት አስቀድሞ ፓኬት ለምን እንደሚቆረጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት የሚጓዝ መረጃ ፓኬት በሚባሉ ጥቅሎች ተከፍሎ ይላካል፤ እያንዳንዱ ፓኬትም የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ የያዘ፣ ሄደር የሚባል ራስጌ አለው። የአይፒ ፕሮቶኮል አራተኛ እትም የተደነገገበትና በ1981 የወጣው አርኤፍሲ 791 የተባለው ሰነድ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ፓኬት እስከ 65,535 ባይት እንዲደርስ ይፈቅዳል፤ የተለመደው የኤተርኔት መስመር ግን በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው 1,500 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ 4,000 ባይት ጭነት ያለው ፓኬት በኤተርኔት ለማለፍ ሲመጣ፣ ራስጌው ራሱ 20 ባይት ስለሚወስድ፣ ጭነቱ 1,480፣ 1,480 እና 1,040 ባይት ወደያዙ ሦስት ቁራጮች ይከፈላል። ሦስቱም አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይይዛሉ፤ ከመጨረሻው በስተቀር ሁሉም «ገና ይቀጥላል» የሚል ምልክት ይደረግባቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም በዋናው ፓኬት ውስጥ የነበሩበትን ቦታ የሚናገር ቁጥር አላቸው። የቦታው ቁጥር የተመደበለት ስፍራ 13 ቢት ብቻ በመሆኑ የሚቆጠረው በባይት ሳይሆን በስምንት ስምንት ባይት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ምሳሌ የሦስቱ ቁራጮች ቦታ 0፣ 185 እና 370 ይሆናል።

ለፋየርዎል ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ ተጠርዞ ያላለቀ የብራና መጽሐፍን ይመስላል፤ በየጥራዙ ላይ ተራ ቁጥር ቢኖርም የመጽሐፉ ስም የሚገኘው በመጀመሪያው ጥራዝ ላይ ብቻ ነው። ፋየርዎል የሚፈርደው በአብዛኛው በፖርት ቁጥር፣ ማለትም መረጃው ወደ የትኛው አገልግሎት እንደሚሄድ በሚናገረው ቁጥር ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ያለው በመጀመሪያው ቁራጭ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁራጭ አድራሻ እንጂ ፖርት ስለሌላቸው፣ ፋየርዎሉ ወይ ሳያይ ይፈርዳል ወይ ሁሉም እስኪሰበሰቡ ጠብቆ፣ ራሱ ገጣጥሞ፣ ከዚያ ይፈርዳል።

የቀደሙት ፋየርዎሎች የመጀመሪያውን መንገድ መርጠው ነበር። የመጀመሪያው ቁራጭ ከተጣለ ቀሪዎቹ ብቻቸውን ሙሉ ፓኬት ሊሆኑ አይችሉም በሚል ስሌት፣ እርሱን ብቻ እየፈተሹ ሌሎቹን ያሳልፉ ነበር። በ1995 የወጣው አርኤፍሲ 1858 ይህ ስሌት የሚሰበርባቸውን ሁለት መንገዶች በግልጽ አስቀመጠ። አንደኛው፣ አጥቂው የመጀመሪያውን ቁራጭ ስምንት ባይት ብቻ እንዲይዝ አድርጎ ሲያሳንሰው፣ ቲሲፒ በተባለው ፕሮቶኮል አዲስ ግንኙነት መጀመሩን የሚያሳውቀው ምልክት ወደ ሁለተኛው ቁራጭ ተገፍቶ ከፋየርዎሉ ዓይን ይሰወራል። ሁለተኛው፣ በኋላ የሚመጣው ቁራጭ በቀደመው ላይ እንዲደራረብ ሆኖ ይላክና፣ ፋየርዎሉ አይቶ ያሳለፈውን ይዘት ተቀባዩ ኮምፒውተር ውስጥ ይተካዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ቲርድሮፕ የተባለው ጥቃት መደራረቡ ከማታለልም አልፎ ማሽን እንደሚጥል አሳየ። የሁለተኛው ቁራጭ መጨረሻ ከመጀመሪያው መጨረሻ በፊት እንዲውል ተደርጎ ሲላክ፣ የገጣጣሚው ኮድ የሚቀዳውን ርዝመት ሲያሰላ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ያገኛል፤ ያ ቁጥር እንደ አዎንታዊ ሲነበብ እጅግ ግዙፍ ስለሚሆን፣ ኮዱ የማይገባውን ሰፊ ማኅደረ ትውስታ ለመቅዳት ሲሞክር ሥርዓቱ ይወድቃል። ዊንዶውስ 95፣ ዊንዶውስ ኤንቲና በዘመኑ የነበረው ሊኑክስ በዚህ ተጠቅተዋል። በ1998 ደግሞ ቶማስ ፕታሴክና ቲሞቲ ኒውሻም፣ የተደራረቡ ቁራጮችን አንዱ ሥርዓተ ክወና የቀደመውን ይዞ፣ ሌላው የኋለኛውን ተቀብሎ እንደሚገጣጥም አሳዩ፤ ይህም ማለት መሐል ላይ ቆሞ የሚመለከት ጠባቂ፣ ተቀባዩ በመጨረሻ ምን እንደሚያነብ በእርግጠኝነት ማወቅ አይችልም ማለት ነው።

ዳንኤል ሃርትማየር በ2001 ለኦፕንቢኤስዲ ሥርዓተ ክወና የጻፈውና በኋላ በፍሪቢኤስዲና በማክኦኤስም ጥቅም ላይ የዋለው ፒኤፍ የተባለው ፋየርዎል ሁለተኛውን መንገድ የያዘ ነው፤ ቁራጮቹን አቆይቶ፣ ገጣጥሞ፣ ሙሉ ሲሆኑ ይፈርዳል። ቁራጭን ለመገጣጠም ከመቀበሉ በፊት ኮዱ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ቁራጩ «አይቆረጥ» የሚል ምልክት ይዟል ወይ? «ገና ይቀጥላል» እያለ ርዝመቱ ለስምንት የማይካፈል ነው ወይ? የቦታው ቁጥርና ርዝመቱ ሲደመሩ ከ65,535 ያልፋሉ ወይ? ከሦስቱ የአንዱ መልስ «አዎ» ከሆነ ፓኬቱ ይጣላል፣ የብልሹ ቁራጮች ቆጣሪም በአንድ ከፍ ይላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በጤናማ ኔትወርክ ውስጥ በተለመደ ሁኔታ የማይታዩ በመሆናቸው ጥቃት ወይም የተበላሸ መሣሪያ ያስጠረጥራሉ። የመጀመሪያው ግን ምንም ክፋት የሌለበትን ፓኬት ሊያስጥል ስለሚችል፣ ያልተጠበቀውን ስህተት የሚያበዛው እርሱ ነው።

ለዚህ ዋነኛው ማሳያ ፋይሎችን በኔትወርክ ለመጋራት የሚያገለግለው ኤንኤፍኤስ ነው። ይህ አገልግሎት ዩዲፒ በተባለው ፕሮቶኮል ላይ ሲሠራ አንድ የፋይል ክፍል በ8,192 ባይት ጭነት ሊላክ ስለሚችል፣ በኤተርኔት ላይ ስድስት ቁራጭ ይሆናል። አንዳንድ ሥርዓተ ክወናዎች ይህን ራሳቸው ቆርጠው ሲያበቁ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ «አይቆረጥ» የሚለውን ምልክት ያደርጋሉ። አመክንዮው ጨርሶ የማይረባ አይደለም፤ ላኪው «እኔ በልኩ ቆርጬዋለሁ፣ በመንገድ ላይ ያሉ ራውተሮች ግን ደግመው አይቁረጡት» ማለቱ ነው። ለፒኤፍ ግን «አይቆረጥ» የተባለ ቁራጭ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ስለሆነ ይጥለዋል። ለተጠቃሚው የሚታየውም ምልክት አሳሳች ነው፤ የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ትንሽ ስለሆነ በአንድ ፓኬት ይደርሳል፣ ትልቅ ፋይል ሲከፈት ግን ፕሮግራሙ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚህም የተነሳ ብዙዎች ጥፋቱን በዲስኩ ወይም በሰርቨሩ ላይ ይፈልጋሉ።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከቆጣሪዎቹ ነው። ፒኤፍ የጣላቸውን ፓኬቶች በየምክንያታቸው ለይቶ ይቆጥራል፤ በሊኑክስ ደግሞ ኔትስታት የተባለው ትእዛዝ ሳይገጣጠሙ የቀሩትን ያሳያል። ቆጣሪው ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ የተጠራቀመውን ስለሚናገር አንድ ጊዜ ማንበቡ ብዙም አይጠቅምም፤ ችግሩን የሚፈጥረው ሥራ ከመደረጉ በፊትና በኋላ ተነብቦ ልዩነቱ መታየት አለበት። ቀጥሎ፣ ፓኬቶችን በሚቀዳው ቲሲፒደምፕ በተባለው መሣሪያ፣ በፋየርዎሉ የመግቢያና የመውጫ መስመሮች ላይ በአንድ ጊዜ ቅጂ መውሰድ ያስፈልጋል። መሣሪያው የሚገባውን ፓኬት የሚያየው ፋየርዎሉ ከመፍረዱ በፊት በመሆኑ፣ በመግቢያው ታይቶ በመውጫው የጠፋ ቁራጭ እዚያው ማሽን ውስጥ እንደተጣለ ይታወቃል።

በዚህ ደረጃ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ሳይቀር የሚያሳስት ነገር አለ። መርማሪው እንደ ልማዱ የኤንኤፍኤስን ፖርት፣ 2049ን፣ ጠቅሶ «ይህን ብቻ አሳየኝ» ብሎ ቢያዝ፣ ፖርት የሌላቸው ሁለተኛውና ተከታዮቹ ቁራጮች ከቅጂው ውስጥ ይወጣሉ፤ ፋየርዎሉን ያደናገረው ጉድለት መርማሪውንም መልሶ ያደናግረዋል። ስለዚህ በቁራጭ ምርመራ ጊዜ ቅጂው በአድራሻ እንጂ በፖርት መጣራት የለበትም። የኔትወርክ ካርዶች ፓኬቶችን ራሳቸው የሚያጣምሩበት አሠራርም በቅጂው ላይ ከ1,500 ባይት የሚበልጡ ፓኬቶችን ሊያሳይ ስለሚችል፣ መስመሩ ላይ የሌለ ነገር እንዳለ አድርጎ ያሳስባል፤ ለምርመራው ጊዜ ይህን አሠራር ማጥፋቱ ይበጃል።

ቅጂው «አይቆረጥ» የሚለውን ምልክት በቁራጮቹ ላይ ካሳየ መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ፒኤፍ ከመገጣጠሙ በፊት ያን ምልክት እንዲያነሳ የሚያዝ ኖ-ዲኤፍ የተባለ አማራጭ አለው። ነገር ግን አንዳንድ ሥርዓተ ክወናዎች «አይቆረጥ» ባሉት ፓኬት ላይ መለያ ቁጥሩን ዜሮ አድርገው ስለሚልኩ፣ ምልክቱ የተነሳለት ፓኬት ወደፊት ሌላ ራውተር ቢቆርጠው የተለያዩ ፓኬቶች ቁራጮች ሁሉ ዜሮ ቁጥር ይዘው ይደባለቃሉ። የፒኤፍ መመሪያ ኖ-ዲኤፍን ከአዲስ የዘፈቀደ መለያ ቁጥር ጋር አብሮ መጠቀምን የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የተሻለው ግን ኤንኤፍኤስን ወደ ቲሲፒ ማዛወር ነው። በዩዲፒ ላይ ከቀጠለ ቁራጮቹ ሊደባለቁ ይችላሉ፤ የፓኬቱ መለያ ቁጥር 16 ቢት ስለሆነ 65,536 ዓይነት ብቻ አለው፤ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ 8 ኪሎባይት የሆኑ ፓኬቶች ያለማቋረጥ ቢላኩ ቁጥሩ ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዞሮ ይደገማል፣ ሊኑክስ ግን ያልተሟላን ፓኬት ቁራጮች እስከ 30 ሰከንድ ያቆያል። በዚህ መካከል የአንዱ ፋይል ቁራጭ ከሌላው ጋር ተገጣጥሞ የተበላሸ መረጃ ሊፈጠር ይችላል፤ ይህ ደግሞ ፓኬት ከመጣሉ የከፋ ጉዳት ነው።

ቅጂው ላይ ያሉት ቁራጮች ሁሉንም ደንብ አሟልተው ሳለ ከተጣሉ፣ ወይም መጣል የሚገባቸው ካለፉ፣ ጥርጣሬው ወደ ፋየርዎሉ ኮድ ራሱ ማምራት አለበት። ይህ እምብዛም የማይገጥም ቢሆንም የማይሆን ነገር አይደለም። በ2019 በፒኤፍ የአይፒ ስድስተኛ እትም የመገጣጠሚያ ኮድ ውስጥ የተገኘው ስህተት ለዚህ ማስረጃ ነው። በስድስተኛው እትም በዋናው ራስጌ ላይ ተጨማሪ ራስጌዎች ተሰካክተው ሊመጡ ይችላሉ፤ ገጣጣሚው የእነዚህን ቦታ ከመጀመሪያው ቁራጭ መውሰድ ሲገባው በመጨረሻ ከደረሰው ይወስድ ስለነበር፣ ሆን ተብሎ የተሰናዳ ፓኬት ሥርዓቱን ሊጥል ወይም የፋየርዎሉን ሕግ ሊያልፍ ይችል ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 የታወቀውና ፍራግመንትስማክ የተባለው የሊኑክስ ድክመት ደግሞ የመጣው ከማቆያው ስፋት ነው። የማቆያው ማኅደረ ትውስታ ከ256 ኪሎባይት ወደ 4 ሜጋባይት ከፍ ተደርጎ ስለነበር፣ አጥቂ ፈጽሞ የማይሟሉ ቁራጮችን በመላክ ማቀነባበሪያውን በከንቱ ፍለጋ ማስጠመድ ይችል ነበር፤ ጊዜያዊ መድኃኒቱም ገደቡን ወደ ቀድሞው መጠን መመለስ ሆነ። ማቆያውን ማስፋት ለቁራጭ ስህተት ሁሉ መፍትሔ ነው ብለው የሚመክሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ማስታወስ ይገባቸዋል።

ከሁሉም የሚሻለው ፓኬት ከመነሻው እንዳይቆረጥ ማድረግ ነው። ክሪስቶፈር ኬንትና ጄፍሪ ሞጉል በ1987 ባወጡት ጥናት መቆራረጥ ጎጂ መሆኑን ተከራክረዋል። በ1990 የተደነገገው ዘዴ ላኪው በመንገዱ ላይ ያለውን ጠባብ መስመር አስቀድሞ እንዲያውቅ ያስችላል፤ ፓኬቱ የማያልፍ ሲሆን ራውተሩ አይሲኤምፒ በተባለው ፕሮቶኮል «መቆረጥ ያስፈልገዋል» የሚል መልእክት ለላኪው ይመልስለታል። ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታው ዲኤንኤስ በዩዲፒ የሚልካቸው መልሶች ከ1,232 ባይት እንዳይበልጡ በ2020 የተመከረውም፣ ስድስተኛው እትም ከሚያስገድደው ዝቅተኛ የመስመር ስፋት፣ ከ1,280 ባይት፣ ላይ 48 ባይት የራስጌዎች ድርሻ ተቀንሶ ነው። በቪፒኤን የሚሠሩ ቅርንጫፍ ቢሮዎች ይህን ጉዳይ በየቀኑ ይጋፈጡታል፤ ቪፒኤኑ የራሱን ራስጌ ሲጨምር ለጭነቱ የሚቀረው ቦታ ከ1,500 በታች ይወርዳልና።

ስለዚህ ፋየርዎል የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ «ማንኛውም ቁራጭ ይለፍ» የሚል ሕግ ጽፎ ችግሩን እንዳይሸፍን፣ አይሲኤምፒንም በጅምላ ከመከልከል እንዲታቀብ ይገባል። በአራተኛው እትም ዓይነት 3 ኮድ 4፣ በስድስተኛው እትም ደግሞ ዓይነት 2 የሆኑት መልእክቶች ማለፍ አለባቸው፤ እነርሱ ከታገዱ ላኪው የመንገዱን ስፋት የሚያውቅበት ዋናው መንገድ ይዘጋበታል።