ሥራው ከማጠቢያው ክፍል ይጀምራል

የመጀመሪያዋ የጥርስ ሐኪም ረዳት የሥራ ልምድ አልነበራትም፤ ከየት ታመጣዋለች? እ.ኤ.አ. በ1885 ኤድመንድ ኬልስ የተባለ የኒው ኦርሊንስ የጥርስ ሐኪም ሴት ረዳት ቀጠረ። በዚያ ዘመን ሴቶች ብቻቸውን ወንድ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስነውራቸው ነበርና፣ ረዳቷ ክሊኒኩ ውስጥ መኖሯ ራሱ ደንበኛ ይስብ ነበር። ሙያው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በሩ ግን በአሜሪካ ዛሬም ልምድ ለሌለው ሰው አልተዘጋም፤ በብዙ ግዛቶች ሐኪሙ ጀማሪ ቀጥሮ እዚያው ሥራው ላይ ማሠልጠን ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ «ልምድ አያስፈልግም፣ እናሠለጥናለን» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ማታለያ አይደለም። ግራ የሚያጋባው ሁለት ሙያዎች ሲምታቱ ነው። ጥርስ የምትጠርገው ሃይጂኒስት ኮሌጅ ጨርሳ፣ ፈተና አልፋ፣ ከግዛቱ ፈቃድ ያወጣች ባለሙያ ናት። ረዳቷ (ወንዶችም አሉበት) ከሐኪሙ ጎን ተቀምጣ መሣሪያ ታቀብላለች፣ ምራቅና ውኃ ትመጥጣለች፣ መሙያውን ታዘጋጃለች፣ ታካሚውን ታረጋጋለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የረዳቶች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ በመላው አገሪቱ 47,000 ዶላር ገደማ ነበር። ጀማሪ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጀምራል።

አዲስ ተቀጣሪ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማራው መሣሪያ በሚጸዳበት ክፍል ነው። ሥራውን የናቀ ሰው ይኼኔ ይለያል። ያገለገለው መሣሪያ በተከደነ ዕቃ ይመጣል። ረዳቷ ስስ የምርመራ ጓንቷን አውልቃ ወፍራሙን ታጠልቃለች፤ ስለታም ጫፍ ስሱን ጓንት በቀላሉ ይበሳዋል። መሣሪያው በድምፅ ሞገድ በሚያጥብ ገንዳ ውስጥ ይቆያል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፣ በከረጢት ይታሸግና አውቶክሌቭ የተባለው የእንፋሎት ማሽን ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ሲቀይር ጀማሪ ሁሉ «ጸዳ» ብሎ ያስባል። ምልክቱ የሚናገረው ግን ሙቀቱ መድረሱን እንጂ ጀርሙ መሞቱን አይደለም። ለዚህ ሲባል በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ በቀላሉ የማይሞቱ የባክቴሪያ ስፖሮች ከመሣሪያው ጋር ማሽኑ ውስጥ ይገባሉ፤ ከወጡ በኋላ ካደጉ ማሽኑ አልሠራም ማለት ነው። የቆሸሸ መሣሪያ ወደ ንጹሑ ጠረጴዛ አይሻገርም። ይህን ሥርዓት በወጉ የያዘች ጀማሪ ሐኪሙ አጠገብ የምትቀመጥበት ቀን ሩቅ አይሆንም። አሠሪው ደግሞ ሥራ በጀመረች በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በነጻ እንዲያቀርብላት የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል።

ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ሥራው የአራት እጅ ሥራ ነው። ሐኪሙ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ረዳቷ በቀኟ መምጠጫውን (ሰክሽኑን) ይዛ በግራዋ መሣሪያ ታቀብላለች፤ ከእሱ ትንሽ ከፍ ብላ የምትቀመጠውም የታካሚው አፍ ውስጥ ያለውን ለማየት ነው። ሐኪሙ ዓይኑን ከጥርሱ ሳያነሳ እጁን ይዘረጋል፣ የሚፈልገው መሣሪያ መዳፉ ላይ ማረፍ አለበት። የጥርስ ቁጥሩም ሌላ ፈተና ነው። በአሜሪካ የአዋቂ ጥርስ ከ1 እስከ 32 ይቆጠራል፤ ከላይ በቀኝ የመጨረሻው መንጋጋ 1 ሲሆን፣ ቆጠራው ዞሮ ከታች በቀኝ 32 ላይ ያበቃል። በዓለም አቀፉ ባለ ሁለት አኃዝ አቆጣጠር የተማረ ሰው «11» ሲል የላይኛውን ቀኝ የፊት ጥርስ ማለቱ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ያንን ጥርስ 8 ይለዋል፤ 11 ብሎ የሚጠራው በላይኛው ግራ በኩል ያለውን የውሻ ጥርስ ነው። ውጭ አገር ጥርስ ሕክምና አጥንተው አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ እስኪያገኙ በረዳትነት የሚሠሩ ሐኪሞች ሳይቀሩ ይህን እንደ አዲስ ይለምዱታል።

ጀማሪ እንደ ልቡ የማይነካው አንድ ነገር ኤክስሬይ ነው። ያ የመጀመሪያዋን ረዳት የቀጠረው ኬልስ በአሜሪካ የጥርስ ኤክስሬይ ፈር ቀዳጅም ነበር። ማሽኑን የሚያስተካክለው የገዛ እጁን ጨረሩ ፊት እያስቀመጠ ነበር። እጁ ላይ ካንሰር ወጣ፤ መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ቀጥሎ ክንዱን አጣ፣ በ1928ም ሞተ። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ረዳት የጨረር ደኅንነት ሥልጠና ወስዳ ፈተናውን ሳታልፍ የጥርስ ኤክስሬይ ማንሳት አትችልም፤ ሜሪላንድም ከጥርስ ሕክምና ቦርዷ የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። እንግዲህ ገንዘብ ማውጣት ግድ ከሆነ ቀዳሚው ይኸው ነው። ሥራ ሳያዩ በብዙ ሺህ ዶላር ትምህርት ቤት መመዝገብ ለእኔ ፈረሱን ከጋሪው ኋላ ማሰር ነው። የኤክስሬይ ወረቀትና የልብና የመተንፈሻ ማነቃቂያ (ሲፒአር) ሥልጠና የያዘ ሰው ሲቪውን ይዞ በየክሊኒኩ ደጅ ቢዞር ይሻለዋል፤ በተለይ ባለቤቱ ራሱ ሐኪም የሆነባቸው ትንንሾቹ ጋ። በካሸርነት ወይም በአስተናጋጅነት መሥራት ሲቪ ላይ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ከተቆጣ ሰው ጋር በትሕትና መነጋገር የሚለመደው እዚያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ደግሞ ለአንዲት እናት «ይደነዝዛል እንጂ አያምም» ብሎ በአማርኛ የሚነግር ረዳት ለክሊኒኩ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ቀጣሪው «አንድ ቀን መጥተሽ ሞክሪ» ማለቱ የተለመደ ነው። ጥፍር አሳጥሮ፣ ፀጉር ሰብስቦ፣ ዝግ ጫማ አድርጎ መሄድ ነው። ያን ቀን እውነተኛ ሥራ ካሠራት ግን ሊከፍላት ይገባል፣ ሙከራ ነው ማለት ነጻ ጉልበት ማለት አይደለም።

ከገቡ በኋላ የሚሠሩት ሰዓትም ዋጋ አለው። የአገሪቱ የረዳቶች ፈተና ቦርድ ትምህርት ቤት ያልገባን፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀን ሰው 3,500 ሰዓት ከሠራ ለብሔራዊው ፈተና ያስቀምጠዋል። ሰዓቱን በፊርማው የሚያረጋግጠው አሠሪው ሐኪም ስለሆነ፣ ክሊኒክ የሚቀይር ሰው ወረቀቱን ሳያስፈርም ባይወጣ ይመረጣል።