ዋይፋይ አለ፣ ኢንተርኔት የለም

«ካርዱ በወር ስንት ብር ይበላል?» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀመጥኳትን ከሳሙና ማስቀመጫ የማትበልጥ ጥቁር ሣጥን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ እያደረጉ።

«ካርድ አትበላም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ዋይፋዩ ከየት ይመጣል?»

«ከራሷ።»

ዝም አሉ። ብዙ ሻጭ ያየ ሰው ዝምታ ነበር።

ጥፋቱ በከፊል የኔ ነው። ሣጥኗ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ሁሉ «ዚም» በሚባል የፋይል ዓይነት የታሸገ መሆኑን ሳስረዳ እሳቸው የሰሙት «ሲም» ነበር። ሲም ካለ ደግሞ ካርድ መሙላት አለ።

ስለ ዲጂታል ትምህርት ሲወራ ወሬው ስለ ዙም፣ ስለ ታብሌትና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ይህችን ሣጥን የሚያነሳት የለም። አሠራሯ ግን ለማንም የሚገባ ነው፤ ራስፕቤሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ፣ እንደ ስልክ ቻርጀር ያለ ገመድ፣ ኪዊክስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር። የራሷን ዋይፋይ ትከፍታለች፤ ተማሪው በስልኩ ገብቶ በውስጧ ያለውን ያነባል። ራስፕቤሪ ፓይ ካምብሪጅ ውስጥ ልጆች ፕሮግራም እንዲማሩበት ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ሲወጣ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። ኪዊክስን ደግሞ ኤማኑኤል ኤንግልሃርትና ሬኖ ጎዳን እ.ኤ.አ. በ2007 ጀመሩት። ሐሳባቸው ውክፔዲያን መስመር ለሌለው ሰው ማድረስ ነበር። ዛሬ በዚሁ መንገድ መዝገበ ቃላት፣ የጉተንበርግ ፕሮጀክት መጻሕፍት፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መለማመጃዎችም ይጫናሉ።

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ይዛ አንዲት ደካማ ኮምፒውተር የማትታፈነው ዚም ጽሑፉን በትንንሽ እሽግ ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ ነው። «ፎቶሲንተሲስ» ያለ ተማሪ ሲመጣ ማውጫውን አይታ ያቺን አንዲት እሽግ ብቻ ትፈታለች፤ ጎተራውን በሙሉ አትገለብጥም።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልግባ። አገራችን ላይ «ዋይፋይ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተንሻፏል። ካፌ ገብተን «ዋይፋይ አላችሁ?» ስንል ኢንተርኔት አላችሁ ወይ ማለታችን ነው። የተማረውም ያልተማረውም፣ መምህሩም ጭምር፣ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። ዋይፋይ ግን በስልክህና በአቅራቢያህ ባለው መሣሪያ መካከል ያለ የሬዲዮ ግንኙነት ነው፤ ጥቂት አሥር ሜትሮች ሄዶ ያበቃል። ከደጅህ ተነስታ ወደ ዋናው አስፋልት የምታወጣህን ኮረኮንች አስባት። አስፋልቱ ቢዘጋም ኮረኮንቿ አለች። ጎረቤትህ ቤት ጤፉም ሽሮውም ሞልቶ ከሆነ ደግሞ አስፋልት ምን ያደርግልሃል?

የሚገርመኝ ይህን ሁላችንም በተግባር ማወቃችን ነው። በዜንደር ፊልም ስትቀባበሉ ከዳታችሁ አንድ ሜጋባይት ይቀነሳል? አይቀነስም፤ አንዱ ስልክ የራሱን ዋይፋይ ይከፍታል፣ ሌላው ይገባበታል። ሞባይል ቤት ሄደን «ሚሞሪዬ ላይ ዘፈን ጫንልኝ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። ኩባዎች ይህንኑ አገር አቀፍ ንግድ አድርገውት «ኤል ፓኬቴ» ብለው ፊልሙን፣ መጽሔቱንና ሶፍትዌሩን በየሳምንቱ በሃርድ ዲስክ ቤት ለቤት ያዞራሉ። ለዘፈን ሲሆን የገባን ነገር ለመጽሐፍ ሲሆን ይጠፋናል።

መጥፋቱ ደግሞ ዋጋ አለው። ሣጥኗን በተከልኩ በመጀመሪያው ቀን ከክፍሉ ግማሹ «ቲቸር፣ እምቢ አለ» አለኝ። የአንዷን ልጅ ስልክ ተቀብዬ አየሁት። ገብታለች። ወዲያው ስልኩ ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ልቆይ ወይስ ልውጣ ብሎ ጠይቋታል። እሷም ታዛዥ ልጅ ናትና ውጣ ብላዋለች። የሌሎቹ ስልክ ጨርሶ ሳይጠይቅ ወደ ሞባይል ዳታ ዞሯል፤ ዳታ ደግሞ የለም። መድኃኒቱ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ዳታህን አጥፋ፣ ሲጠይቅህ ቆይ በል። ይህን ለማስረዳት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ሣጥኗ የለችም። የዕቃ ግምጃ ቤቷ እትዬ፣ ንብረት እንዳይጠፋ ብለው፣ ከነገመዷ ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውባታል። ሶኬቱን ግን አልነቀሉትም፤ በቀዳዳ አሳልፈውታል። ብረቱ ሬዲዮውን አፍኖት ከበሩ ሁለት እርምጃ ሲርቁ ይጠፋል። ርዕሰ መምህሩ «አላልኩህም? ካርዱ አልቆ ነው» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የምታገሰው በምክንያት ነው፤ እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ሲመጣ መስኮት ሥር ነበርኩ። የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ እኛ ጥያቄውን ጽፈን ሳንጨርስ አመስግኖን ያልፋል። የክፍሉ መምህራችን በር ላይ ቆሞ አብሮን ያይ ነበር። ስለዚህ አንዲት ልጅ «ሚቶሲስ» የሚለውን ገጽ ስትከፍት፣ አንድ ሥዕል ላይ ቆማ ወደ ኋላ ስትመለስ፣ እንደገና ስታነበው ሳይ የሚሰማኝን ደስታ የዘመኔ ሰዎች ይረዱኛል። ሣጥኗ አትቸኩልም። እርግጥ ሁሉም ባንድ ላይ ከገቡባት ታለከልካለች።

ለመትከል የምታስቡ ሰዎች ካላችሁ፣ ሚሞሪ ካርድ ከመንገድ ላይ አትግዙ። እኔ ገዝቻለሁ። 512 ጊጋባይት የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ስልኩም ኮምፒውተሩም 512 ብለው መሰከሩለት። ሌሊቱን ሙሉ ገለበጥኩበት፣ ጠዋት «ተጠናቀቀ» አለኝ። ስከፍተው ከጥቂቱ በቀር የሚነበብ የለም። እንዲህ ያለው ካርድ ውስጡ ምናልባት 16 ነው፤ መቆጣጠሪያው ውሸት እንዲናገር ተደርጓል። ሲሞላ ከላይ ከላይ እየደረበ ይጽፋል እንጂ «ሞላሁ» አይልም። መጀመሪያ ሙሉውን ጽፎ መልሶ የሚያነብ መፈተሻ ፕሮግራም አለ፤ በነጻ ነው፣ ተጠቀሙበት። ካርዱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ «ፋት 32» በሚባለው አደረጃጀት ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። የአንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ4,294,967,295 ባይት በላይ መቁጠር አይችልም። 300 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ሲላችሁ ካርዱን አትስደቡ፤ «ኤክስፋት» አድርጋችሁ እንደገና አዘጋጁት።

የአማርኛው ውክፔዲያ ትንሽ ነው፣ ወደ 15 ሺህ ጽሑፍ ገደማ። ቢሆንም የፈለጉት ካልመጣ ወዲያው «የለም» ብለው የሚዘጉ ልጆች ያናድዱኛል። «ጸሐይ» ብለህ ካጣኸው «ፀሐይ» በል፤ «ሃይሌ»ን ካጣህ «ኃይሌ»ን ሞክር። ኮምፒውተሩ የኛን ሞክሼ ፊደላት አያውቅም፣ ለሱ ሁሉም የተለያዩ ናቸው። በዚህ ሰበብ አንድ የአማርኛ መምህር ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሲያስተምሩ አይቻለሁ፤ ተማሪዎቹ ከልብ ሲያዳምጡ ያየሁት ያኔ ነው።

ደግሞ የዚም ፋይሉን አድሱት። የተዘጋጀበት ዓመትና ወር ስሙ ላይ ተጽፏል። ባለፈው የጎበኘኋት አንዲት ሣጥን ውስጥ ታምራት ቶላ የፓሪሱን ማራቶን ገና አልሮጠም ነበር።

ወደዚያ ትምህርት ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ለፈተና በሚጠናበት ሰሞን ነው። ሣጥኗ ከቁም ሣጥኑ ወጥታ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ጫፍ ላይ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ጎን ተቀምጣለች። በሩ ላይ በርዕሰ መምህሩ ማኅተም የተመታ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም። ካርድም አይሞላም። ስልካችሁ ሲጠይቅ ቆይ በሉት።» ከሥሩ አንድ ተማሪ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጨምሮበታል፦ «ቲክቶክም የለውም። አትልፉ።»