ምርጫው አለፈ... ጓደኛዬስ?

ዛሬ ስለ ፍቅረኛ አናወራም። ስለ ምርጫ ነው። ቆይ... ቆይ! ገጹን አትግለጡት! ፓርላማ ልወስዳችሁ አይደለም። ላወራችሁ የፈለግሁት ረከቦት ዙሪያ ስላለው ፖለቲካ ነው። በአቦል ተጀምሮ፣ ቶና ላይ ግሎ፣ በረካ ሳይደርስ ሰው ስለሚያጣላው ፖለቲካ።

እኔን አጣልቶኛል። ያውም ከማን ጋር!

የምኖረው ቂሊንጦ ነው። ታክሲ ውስጥ ሰፈሬን ስናገር አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከንፈራቸውን መጠጥ ያደርጉና "አይዞሽ ልጄ፣ ማን ታስሮብሽ ነው?" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ማረሚያ ቤቱ የሰፈሩን ስም ጠቅልሎ ወስዶታል። እኛ ግን እንኖርበታለን! ቢራ ፋብሪካ አለን፣ ለመድኃኒት አምራቾች የተሠራ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለን፣ ኮንዶሚኒየም አለን። የሚቸግረን ውኃ ነው። ብቻ ስንቅ ያንጠለጠሉ እናቶች ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ እያየን ስለምንውል፣ ፖለቲካ ሲነሳ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግን ማንም ሳያስተምረን ለምደነዋል።

ጓደኛዬ የምላችሁ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጥን ናት። አብረን ተፈትነን፣ አብረን ነጥብ አጥተን፣ አብረን አልቅሰናል። ቂሊንጦ ስቱዲዮ የተከራየሁትም እሷና እናቷ ፊት ለፊቱ ብሎክ ላይ ስለሚኖሩ ነው። ያኔ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ፣ ያውም በውድቅት ሌሊት ነበር። ቀድማ የነቃች የሌላዋን ጀሪካን ትሞላለች። እንዲህ ነበርን።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ደርሷል። የቅስቀሳ መኪናው በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ያናውጠዋል። እኛ ኮሪደር ላይ ቡና አፍልተናል። ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ጋሼ፣ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ እኔና እሷ።

"ካርድ አወጣሽ?" አልኳት።

"አላወጣሁም። አላወጣምም።"

"ለምን?"

"ሰው እያለቀ ምን ምርጫ አለ!"

የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ ሰባት ወር ሊሞላው ነበር። ትግራይ ውስጥ ድምፅ እንደማይሰጥም ታውቋል። እኔ ግን አፌን መች ያዝኩት! "እንደ አንቺ ያለው እቤቱ እየተጎለተ ነው አገር የሚበላሸው" አልኳት። መለሰችልኝ። ጨመርኩላት። ጋሼ "ኧረ ልጆች፣ ቡናው ይቀዘቅዛል" ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ከዚያ... ከአፌ አመለጠኝ።

"ቆይ ግን፣ አንቺ ዘርሽ ምንድን ነው?"

ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ሳህን ስንበላ ጠይቄያት የማላውቀውን! ሲኒዋን አስቀመጠች። ነጠላዋን አነሳች። ወጣች። በረካው ሳይቀዳ ቀረ።

ሰኔ 14 ቀን የምርጫው ዕለት ማልጄ ተሰለፍኩ። የዚያን ቀን ሰልፍ ታስታውሱታላችሁ። ምርጫ ቦርድ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እስኪያራዝም ድረስ የሰው ብዛት ሌላ ነበር። ካፊያ ጀመረ። ጥላ አልያዝኩም። ድንገት ከኋላዬ "ነይ ተጠለይ፣ ምን ያስመታሻል?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል... የጓደኛዬ እናት!

ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ጥላ ሥር ቆምን። ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ። ስለ ጠባችን አንድም ቃል! በሩ ጋ ስንደርስ ግን እጄን ያዝ አደረጉና "ልጅነት ነው፣ ይበርዳል። ነገ መጥተሽ ቡና ጠጪ" አሉኝ።

"እሺ" አልኳቸው። አልሄድኩም።

ለምን አልሄድኩም? ኩራት ነው እንዳልላችሁ ኩራት ብቻ አይደለም። እኛ ቤት ፖለቲካ ካጣላ በኋላ እንዴት እንደሚታረቁ ያሳየኝ ሰው የለም።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላው፣ በማግስቱ ደግሞ ቅንጅት ሞላው። እኛ ሕፃናቱ ትርጉሙን ሳናውቅ ሁለት ጣታችንን እያወጣን ሰፈሩን እንዞራለን። አንዱ የሰፈር ልጅ አባቱ የንብ ምልክት ያለበት ቲሸርት ስለለበሱ ብቻ ከብይ ጨዋታ አስወጥተነው ነበር። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ግንቦት 7 ተመረጠ። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ግጭት 193 ሰዎች መገደላቸው በአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት ተነገረ። የሞባይል መልእክት እንኳ ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ። አባቴ አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጠፋና "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ፖለቲካ አይወራም" አለ። አልተወራም።

እናላችሁ፣ እኔ ያደግሁት ሁለት ነገር ብቻ አውቄ ነው። ወይ መጮህ፣ ወይ መዝጋት። ጓደኛዬ ላይ መጀመሪያ ጮህኩባት። ከዚያ ዘጋኋት። በአንድ ግቢ፣ ፊት ለፊት ብሎክ፣ ሦስት ዓመት!

ሌላ መንገድ መኖሩን የሰማሁት ከሩቅ ነው። ከእንግሊዝ አገር!

የአክስቴ ልጅ ለንደን ነው ያለው። በጀልባ ባሕር አቋርጦ ገብቶ የጥገኝነት ውሳኔ ይጠባበቅ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ከቢሯቸው ደጃፍ ቆመው፣ ዝናብ ሱፋቸውን እያበሰበሰው ምርጫ ጠሩ። ጥላ የያዘላቸው እንኳ አልነበረም! በኢሞ ደውሎ ይህን ሲነግረኝ ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆየም። የሱናክ ፓርቲ እንደ እሱ በጀልባ የገቡትን ወደ ሩዋንዳ የመላክ ዕቅድ ነበረው። ተፎካካሪው ሌበር ደግሞ እሰርዘዋለሁ ብሏል። የእሱ ዕጣ በምርጫው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሱ ግን መምረጥ አይችልም። ዜግነት የለውማ!

ታዲያ በሳምንት አንድ ቀን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት አንዲት አሮጊት አሉ። ገንዘብ አይቀበሉም፣ በፈቃደኝነት ነው። "አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ ማንን ነው የሚመርጡት ብዬ ጠየቅኳቸው" አለኝ።

"ምን አሉህ?"

"'እሱ በእኔና በእርሳሱ መካከል ነው' አሉኝ።"

እዚያ አገር ድምፅ የሚሰጠው በእርሳስ ምልክት በማድረግ ነው አሉ።

"ተቀየምካቸው?"

"ልቀየም ስል ሻይ ቀዱልኝና 'አንተ ግን ምንድን ነው የምትፈራው?' አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጀልባውን፣ ሌሊቱን... ሁሉንም። ማንን እንደሚመርጡ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው ግን ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ።"

ምርጫው ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐሙስ ዕለት ተደረገ። ሌበር አሸነፈ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር በቀናት ውስጥ የሩዋንዳው ዕቅድ መቅረቱን ተናገሩ። የአክስቴ ልጅ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ተኛ።

እንግሊዞች ግን እንደዚህ ሆነው አልተፈጠሩም፤ እኔም አንብቤ ነው ያወቅሁት። እስከ 1872 እ.ኤ.አ. መራጩ የሚመርጠውን ሰው ስም ሕዝብ ፊት ጮክ ብሎ ነበር የሚናገረው። ባለመሬቱ ቆሞ ይሰማዋል፣ አሠሪው ይሰማዋል። በማግስቱ ጭሰኛው ከመሬቱ ይነቀል ነበር። እስቲ አስቡት፣ አከራያችሁ ጆሮውን አቁሞ እያዳመጠ ስትመርጡ! በዚያ ዓመት ሕግ ወጥቶ ድምፅ ሚስጥር ሆነ። ፖንቲፍራክት በተባለች ከተማ የመጀመሪያው ሚስጥራዊ ምርጫ ሲደረግ ሳጥኑ የታሸገው በጣፋጭ ፋብሪካ ማኅተም ነበር አሉ። ይጣፍጣል አይደል?

የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ድምፅ በሚስጥር እንደሚሰጥ ይናገራል። እኔ ግን ያን ቀን በቡና ላይ እንደዚያ ባለመሬት ነበር የሆንኩት። ጓደኛዬን አስቁሜ "ተናገሪ!" ያልኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ ስልክ በኋላ "ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ" አልኩ። ነገ አልኩ፣ ከነገ ወዲያ አልኩ፣ ከደመወዝ በኋላ አልኩ። ነሐሴ ገባ።

አንድ ማለዳ የእድር ጥሩንባ ተነፋ። በመስኮት ሳይ ድንኳኑ የሚተከለው ፊት ለፊት ብሎክ በር ላይ ነው። እናቷ ናቸው።

ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ። እግሬ አልገባ አለኝ። በምን ዓይኔ ልያት? ጋሼ፣ እነዚያ ጎረቤታችን፣ ክንዴን ይዘው "ግቢ" አሉኝ። ገባሁ። አየችኝ። ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ጆሮዬ ላይ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

"እማዬ ለቡና ትጠብቅሽ ነበር እኮ!"

ያን ዕለት እንዳለቀስኩት አልቅሼ አላውቅም።

አርባው ካለፈ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቁጭ አልን። ቡናውን እኔ አፈላሁ። በረካ ላይ ስንደርስ የለንደኗን አሮጊት ጥያቄ ጠየቅኳት። "ያኔ ምንድን ነበር የፈራሽው?"

ዝም አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ታላቅ ወንድሟ ወታደር ነው። ይህንን አውቃለሁ። የት እንደተመደበ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ነበር። ስልክ ተቋርጦ ወራት ሙሉ ድምፁን አልሰሙም። እናቷ ለማንም እንዳይወራ አስምለዋታል። እኔ "ካርድ አወጣሽ?" ስላት የወንድሟ ስልክ ላይ ደውላ "ሊያገኟቸው አይችሉም" የሚለውን ድምፅ ሰምታ ነው የወጣችው። እኒያ እናት ደግሞ ይህንን ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ነው በጥላቸው ያስጠለሉኝ።

ወንድሟ ተመልሷል። ተመስገን! ቀብሩ ላይ እናቱን አፈር ያለበሰው እሱ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ቡና አፍልታችሁ ፖለቲካ ማውራታችሁ አይቀርም። አውሩ! እንደ አባቴ ዝጉት አልላችሁም፤ የተዘጋ ነገር ይሸታል። ግን ከእኔ ጥፋት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ "ማንን ትመርጫለሽ?" ብላችሁ አታፋጡ። ለፍቅረኛም፣ ለእኅትም፣ ለጓደኛም ቢሆን ሚስጥሩ የባለካርዱ ነው። ወዶ ከነገራችሁ ስሙት። ካልነገራችሁ አትቀየሙት።

ሁለተኛ፣ "ምን ይሻላል?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ያስፈራሻል? ምን ቸገረህ?" በሉ። ሰው ስለ ፓርቲ ሲጠየቅ ይከራከራል። ስለ ጭንቀቱ ሲጠየቅ ግን ልቡን ይከፍታል።

ሦስተኛ፣ ወሬው ከ"ምን ታስባለህ?" ወደ "ማነህ?" ሲዞር ሲኒያችሁን አስቀምጡና "ቡናው ይቀዘቅዛል" በሉ። ጋሼ ልክ ነበሩ።

አራተኛ፣ ያስቀየማችሁት ሰው ካለ ዛሬውኑ ሂዱ! "ነገ" አትበሉ፤ ድንኳን ሲተከል ቀጠሮ አይጠይቅም። አሁን ጋዜጣውን ማጠፍ ትችላላችሁ። አልቀየማችሁም።

ትናንት ሌሊት ውኃ መጣ። በሬ ሲንኳኳ በእንቅልፍ ልቤ ከፈትኩ። ጓደኛዬ ናት፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ባዶ እጇን ዘርግታ።

"አንቺ እንቅልፋም፣ ጀሪካንሽን አምጪ!"

ምርጫ በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ውኃ ግን በሳምንት ሁለቴ።

ቸር ሰንብቱልኝ!