ሰሙ «ለልጆችሽ»፣ ወርቁ «ፈርሚ»



እኛ በሰምና ወርቅ አነጋገር ያደግን ሰዎች ነን። ሽማግሌ ሲናገር ላይ ላዩን ከሚሰማው ይልቅ ከሥሩ ያለውን ፈልጎ ማግኘት ከልጅነታችን የለመድነው ነው። ታዲያ ንግግሩ በዕብራይስጥ ሲሆን ይህን ጥበባችንን ለምን እንረሳዋለን?

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ካጋጠሙኝ ጉዳዮች አንዱን ላንሣ። አንዲት የአምስት ልጆች እናት የውሃ ማጣሪያ የገዙበትን ውል ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። ሻጩ ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ አስፈርሟቸው ወጥቷል። «ምን አለዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው ንግግሩን አንድ በአንድ ነገሩኝ። እስቲ አብረን እንፍታው።

«ኢማ፣ እኔም የኦሊም ልጅ ነኝ።» ይህ የዝምድና አነጋገር ነው። ስለ ዕቃው የሚናገረው አንዳች ነገር የለም፤ የእኛን አመኔታ ግን ይወስዳል።

«ለልጆቿ ጤና የማታስብ እናት አለች?» ይህ ደግሞ መልሱን በሆዱ የያዘ ጥያቄ ነው። «የለችም» ያለች እናት ሳይታወቃት «እገዛለሁ» ወደ ማለት ትገፋለች።

«ጎረቤቶችሽ ሁሉ ገዝተዋል።» እነማን? ስንት ሰዎች? ስም ሲጠየቅ የሚጠፋ ምስክር ምስክር አይባልም።

«በቀን 6 ሸቄል ብቻ ነው።» ትልቁን ቁጥር ቆራርሶ ማሳነስ ይሏል ይህ ነው። በቀን 6 ሸቄል በወር 180 ይሆናል፤ ውሉ የ36 ወር ስለነበረ ጠቅላላው 6,480 ሸቄል ነው።

«ራክ ሀዮም፣ ዛሬ ብቻ!» ይህ እንዳናስብ ማጣደፊያ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

እርግጥ አሳማኝ ንግግር ሁሉ ውሸት አይደለም። ሽማግሌዎቻችንም የተጣላ የሚያስታርቁት በዚሁ ጥበብ ነው። ልዩነቱ የንግግሩ ጌጥ ሲነሣ ከሥሩ እውነት መቅረቱና አለመቅረቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሻጭም ሆነ በምርጫ ሰሞን ድምፃችሁን የሚፈልግ ሰው ሲያነጋግራችሁ በልባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን እንዳደርግ ነው የሚፈልገው? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? እውነት ከሆነ ለምን ነገ አይደገምም?

ፈርማችሁ ከሆነም መፍትሔ አለ። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ልዩ ሁኔታ ቢኖረውም፣ ቤት ድረስ መጥቶ የተሸጠን ዕቃ ውሉ ከተፈረመ ወይም ዕቃው ከደረሰ በ14 ቀናት ውስጥ ለመሰረዝ ይፈቅዳል። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ፣ አካል ጉዳተኛ ለሆኑና ከመጡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ኦሊም፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተፈጸመ ከሆነ፣ ጊዜው አራት ወር ነው። የመሰረዣው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሸቄል፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ መብለጥ የለበትም። ስረዛውን በጽሑፍ አስታውቁ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።

እኒያ እናት በዘጠነኛው ቀን ሰረዙ። አሁን ሻጭ በራቸውን ቢያንኳኳ ቡናውን አይነፍጉትም። «ወረቀቱን ተውልኝ፣ ልጄ ታንብበው፣ ነገ ተመለስ» ይሉታል። እስካሁን በማግሥቱ የተመለሰ እንደሌለ አጫውተውኛል።